ከ«የት» በፊት «መቼ»፦ በአገልግሎት ላይ በቆየ ፒካፕ የሚሰማን የመፋጨት ድምፅ ስለመመርመር

(በአዳማ ለአሽከርካሪዎች፣ ለመኪና ገዢዎችና ለጋራዥ ሠልጣኞች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ውድ ሠልጣኞች፦

አዘጋጆቹ ያገለገለ መኪና ስለመግዛት እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ሊብሬ፣ ስለ ሻንሲ ቁጥርና ከቀለም በታች ስለሚደበቅ ስቱኮ ልናገር አስቤ ነበር። ይሁንና በእነዚህ ጉዳዮች ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ ደላሎች በዚሁ አዳራሽ ተቀምጠው ስለማይ፣ ባለመኪናዎች ብዙ ገንዘብ ያለ አግባብ ሲያወጡበት ስለኖርኩት አንድ ነገር ብቻ ልናገር ወሰንኩ። ይኸውም ፒካፕ በተገዛ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት፣ መስኮት ተዘግቶ ሬዲዮ ሲጠፋ ከወለሉ በታች የሚሰማው፣ ብረት ለብረት የሚፋጭ የሚመስል ድምፅ ነው።

ይህን ድምፅ ይዞ ወደ ጋራዥ የሚመጣ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ቃሉ «ከዚህ ጋ ነው» የሚል ነው። አንዱ በእግሩ ወለሉን ይመታል፣ ሌላው የማርሹን ዘንግ ይነካል፣ ሦስተኛው ከመቀመጫው ዞር ብሎ ወደ ካሶኒው ያመለክታል። ዛሬ ላሳምናችሁ የምፈልገው ነገር ቢኖር ይህ ምልክት ከሞላ ጎደል ዋጋ የሌለው መሆኑን ነው። ፒካፕ ከአውቶሞቢል የሚለየው ከፊት እስከ ኋላ በሚዘረጋ የብረት ሻንሲ ላይ የተሠራ በመሆኑ ሲሆን፣ በብረት ውስጥ ድምፅ በአየር ውስጥ ከሚሄድበት ፍጥነት ከአሥር እጥፍ በላይ ይጓዛል፤ ስለዚህም ከኋላ ቀኝ ጎማ የተነሣው ድምፅ በሻንሲው ተጉዞ፣ ወለሉ በሳሳበት ወይም የማርሹ ዘንግ በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል ጋቢና ውስጥ ይገባል። ጆሯችን የሚነግረን ድምፁ የገባበትን በር ነው። የተነሣበትን ቤት አይደለም።

ድምፁ መቼ ይመጣል፣ መቼስ ይጠፋል ተብሎ ሲጠየቅ ግን ጆሮ በጣም ታማኝ ምስክር ይሆናል። ፍጥነት ሲጨምር፣ ፍሬን ሲያዝ፣ ፍሪሲዮን ሲረገጥ፣ መሪ ሲዞር፣ ነዳጅ ሲለቀቅ ድምፁ ምን እንደሚሆን በትክክል የሚመልስ አሽከርካሪ፣ መኪናው ክሪክ ላይ ከመውጣቱ በፊት የምርመራውን ግማሽ ሠርቶ ጨርሷል ማለት ይቻላል።

ነገሩን በአንድ መኪና ላስረዳ። ባለፈው ዓመት ከአዋሽ መልካሳ አካባቢ ሽንኩርት ወደ አዳማ የሚያመላልስ አንድ ወጣት፣ በ2005 የተመረተ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ይዞ መጣ። (ስሪት ስንል የፈረንጆቹን ዓመት መሆኑን ለአዲስ ገዢዎች ላስታውስ፤ በእኛ አቆጣጠር የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት የዋጋ ድርድር የሚያበላሽባቸው ሰዎች አይቻለሁና።) ወጣቱ መኪናውን ከገዛ ገና አራት ወሩ ነው። ሁለት ጋራዦች ገብቷል። የመጀመሪያው የፊት ፍሬን ሸራ ቀይሮለታል፣ ሁለተኛው የፊት ሁለቱንም ኩሽኔታዎች (ጎማ ወይም ዘንግ የሚዞርባቸውን ባለ ኳስ ቀለበቶች) ቀይሮለታል፣ ድምፁ ግን እንደነበረ ነው።

«ጋሼ፣ ካምቢዮው ነው መሰለኝ» አለኝ፤ የማርሽ ሳጥኑን ማለቱ ነው። «የማርሹን ዘንግ ስይዘው እጄን ይነዝረኛል።»

«ቆሞ እያለ ሞተሩን ብታስነሣው ይሰማል?»

«ኧረ የለም ጋሼ። ሲሄድ ነው።»

«ከስንት ጀምሮ?»

ዝም አለ። አራት ወር ሙሉ ያን ድምፅ እየሰማ ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ወደ ወጣቱ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከመልሱ ጋር የሚሄደውን አሠራር ላብራራ፣ ምክንያቱም ጥያቄ መጠየቅ ብቻውን መልሱ ምን እንደሚያመለክት ለማያውቅ ሰው አይጠቅምም።

በፒካፕ ውስጥ የሚሽከረከሩ ነገሮች ሁሉ በሦስት ቤተሰብ ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ሲሆን ዲናሞው፣ የውሃ ፓምፑና የፍሪሲዮን መግፊያ ኩሽኔታ በዚህ ውስጥ ናቸው፤ እነዚህ መኪናው ቢቆምም ይጮኻሉ። ሁለተኛው ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ፣ ክሮቼራዎቹ (የዘንጉ መታጠፊያ መገጣጠሚያዎች)፣ እንዲሁም ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የዲፈረንሻል ትንሹ ጥርስ፣ ፒኞኑ፣ ናቸው። ሦስተኛው ጎማው ራሱ፣ ኩሽኔታው፣ የፍሬን ዲስኩና ታምቡሩ (የኋላ ፍሬን የሚሠራበት ከበሮ መሰል ብረት) ናቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው መኪናው ሲንቀሳቀስ ብቻ ይሰማሉ፤ ልዩነታቸው በፍጥነታቸው ነው። በብዙ ፒካፖች ዲፈረንሻሉ የዘንጉን አራት ዙር ገደማ ወደ አንድ የጎማ ዙር ስለሚቀንሰው፣ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ዘንጉ አራት ጊዜ ያህል ይዞራል።

ይህ ለመካኒክ ብቻ የሚጠቅም ስሌት የሚመስለው ካለ፣ ነገ ጠዋት ራሱ ሊሞክረው ይችላል። 225 በ70፣ ቸርኬው 15 የሆነ ጎማ ዙሪያው 2.2 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ መኪናው በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ፈጠን ብሎ ከሚራመድ ሰው ጥቂት አለፍ ባለ ፍጥነት ሲሄድ፣ ጎማው በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ ይዞራል። በዚህ ፍጥነት እየሄዳችሁ «ክርር… ክርር… ክርር» የሚለውን ቁጠሩ። በሴኮንድ አንድ ጊዜ የሚመጣ ከሆነ ነገሩ ከጎማው ጋር የሚዞር ነው፤ የተጣመመ ዲስክ፣ ሞላላ የሆነ ታምቡር ወይም ሽፋኑን የሚነካ ነገር ሊሆን ይችላል። በሴኮንድ አራት ጊዜ ገደማ የሚመታ ከሆነ ግን ዓይናችሁን ከጎማ አንሡና ወደ ዘንጉ አዙሩ። ለዚህ ምርመራ ሰዓትና ጸጥ ያለ መንገድ ይበቃል።

ጸጥ ያለ መንገድ ስል ቀልዴን አይደለም። መኪና በማሻሻጥ የሚተዳደሩ ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝና፣ ገዢን ለሙከራ በኮብልስቶን መንገድ ብቻ ይዞ መዞር የታወቀ ዘዴ ነው። ኮብልስቶን ላይ ማንኛውም መኪና ይንጫጫል፤ የጎማው ጩኸትና የባሌስትራው (የኋላ ንጣፍ ስፕሪንጉ) መንቀጥቀጥ የኩሽኔታን ድምፅ ጨርሶ ይውጡታል። የአዳማ ነፋስም የራሱ ድርሻ አለው። በኮረብታዎቹ ላይ ያሉትን የኃይል ማመንጫ ተርባይኖች የሚያዞር ነፋስ ከሰዓት በኋላ በመስኮት ላስቲክ ላይ ሲያፏጭ፣ እንኳን የኩሽኔታ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ቀዳዳም አይሰማም። ስለዚህ ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ለስላሳ አስፋልት ላይ ሞክሩ። ከተቻለም አጥር ወይም ግንብ ጥግ ጥግ፣ መስኮቱን ከፍታችሁ ቀስ ብላችሁ እለፉ። ግንቡ በዚያ ወገን ያለውን ድምፅ መልሶ ወደ ጆሯችሁ ያመጣዋል፤ ከዚያም መኪናውን አዙሩና ሌላውን ወገን በዚያው ግንብ አጠገብ አሳልፉ። የሁለቱ ልዩነት ግራና ቀኝን ለመለየት ከብዙ ሰው ግምት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና ልሂድ። ቀጥ ባለና መኪና በማይበዛበት መንገድ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ፍሪሲዮን ርገጡ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉ፣ ሞተሩን ግን በፍጹም አታጥፉ። ሞተር ከጠፋ የፍሬንና የመሪ አጋዥ ኃይል አብሮ ይጠፋል፤ በአንዳንድ መኪናም መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ሞተሩ ወደ ዝቅተኛ ዙሩ ሲወርድ ድምፁ አብሮ ከወረደ፣ ጥፋቱ ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ቤተሰብ ውስጥ ነው። ምንም እንዳልተፈጠረ ከቀጠለና ከመኪናው ፍጥነት ጋር ብቻ ቀስ እያለ ከወረደ ግን ሞተሩ፣ ዲናሞውና ፍሪሲዮኑ ከተጠርጣሪነት ነፃ ወጥተዋል።

የካምቢዮ ነገር ለብቻው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይገባዋል። መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ የሚሰማ፣ ሲረገጥ ግን የሚጠፋ ድምፅ ከካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ይነሣል፤ በተቃራኒው ፍሪሲዮን ሲረገጥ ብቻ የሚመጣው የመግፊያው ኩሽኔታ ነው። በሁሉም ማርሽ እያለ በአራተኛ ማርሽ ብቻ ዝም የሚል ከሆነ ደግሞ፣ በተለመደው ባለ አምስት ማርሽ ፒካፕ አራተኛው ኃይሉን በቀጥታ የሚያሳልፍ ስለሆነ፣ የታችኛው ዘንግና ኩሽኔታዎቹ ጭነት ሲቀልላቸው ማረፋቸው ነው። ሞተር ሲነሣ ለአንድ አፍታ ብቻ «ክርርክ» የሚል ድምፅ ሞተሩን የሚያስነሣው የሞተሪኖና የቮላኖ ጥርስ ጉዳይ ነውና ከዛሬው ርዕስ ውጭ እተወዋለሁ።

ዲፈረንሻል የሚታወቀው በጭነት ለውጥ ነው። ነዳጅ ስትሰጡ የሚጮኽ፣ ስትለቁ ዝም የሚል፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ የሆነ ድምፅ የኮሮና (ከፒኞኑ ጋር የሚናከሰው ትልቅ ባለ ጥርስ ቀለበት) እና የፒኞን ጥርሶች ንክኪ መበላሸቱን ያመለክታል፤ ምክንያቱም ሞተሩ ጎማውን ሲነዳና ጎማው ሞተሩን ሲጎትት የሚነካካው የጥርሱ ፊት የተለያየ ነው። ይህን ለመስማት ከዚህ ከተማ ሰዎች የተሻለ ዕድል ያለው የለም። ከ1,600 ሜትር በላይ ካለችው አዳማ ተነሥቶ በዴራና በኢተያ በኩል ከ2,400 ሜትር በላይ ወዳለችው አሰላ የሚወጣው መንገድ፣ ሲወጡት አንዱን የጥርስ ፊት ሲወርዱት ሌላውን ይፈትናል። የዲፈረንሻሉን የታች ብሎን ፈትታችሁ ዘይቱን ስታወርዱ በማግኔቱ ላይ ግራጫ ቅባት የመሰለ ነገር ብታገኙ አትደንግጡ፤ ያ የዕድሜ ምልክት ነው። በጣት መካከል ሲታሽ የሚቆረቁር ስንጥር ብረት ካገኛችሁ ግን መከፈት አለበት። የድሮ አጭበርባሪዎች የሚጮኽ ዲፈረንሻል ውስጥ ሰጋቱራ ይጨምሩ እንደነበር የቆዩ መካኒኮች ይናገራሉ፤ የእንጨቱ ብናኝ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ጩኸቱን ለጥቂት ቀን ያፍነዋል። ስለዚህ መኪና ስትገዙ የዘይቱን ሽታና ውፍረት ማየት አሳፋሪ ሥራ አይደለም።

ፍሬን ላይ ግን ጊዜ ልውሰድ፣ ምክንያቱም ከሁሉም ይበልጥ የሚያጋጥመውና ከሁሉም ይበልጥ በግማሽ ታይቶ የሚታለፈው እሱ ነው። አዲስ የፊት ፍሬን ሸራ ውፍረቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየር አለበት። ብዙዎቹ ሸራዎች ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ አለች፤ ሸራው ሲያልቅ ዲስኩን እየነካች ሹል ጩኸት ታሰማለች። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያው ችላ ተብሎ ሸራው ጨርሶ ካለቀ የሚመጣው ድምፅ ሹል አይሆንም፤ ወፍራም፣ እንደ ወፍጮ የሚያላምጥ፣ እግርን በፔዳሉ በኩል የሚነዝር ይሆናል። የሸራው ብረት ዲስኩን እያረሰው ነው ማለት ነው።

ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። አሽከርካሪው ጎንበስ ብሎ በቸርኬው ቀዳዳ ያያል፣ የውጭው ሸራ ወፍራም ሆኖ ያገኘዋል፣ «ሸራ አለው» ብሎ ይነሣል። ሸራዎቹን አቅፎ ዲስኩን የሚያስጨብጠው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ፒኖች በአቧራና በዝገት ከተያዙ ግን ፒስተኑ የሚገፋው የውስጡ ሸራ ብቻውን ይሠራል፣ ብቻውንም ያልቃል። እኔ ጎማ ሳይወልቅ የተደረገን የፍሬን ምርመራ እንደ ምርመራ አልቆጥረውም። ጎማው ይውለቅ፣ የውስጡ ሸራ በባትሪ ይታይ፣ ዲስኩ በጣት ጥፍር ይዳሰስ፤ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለው ውፍረቱ ይለካ። ዝቅተኛው ውፍረት ብዙውን ጊዜ በዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

ከአሰላ ቁልቁል ስለሚመጡት የጭነት ፒካፖች አንድ ነገር ልጨምር። ጭነቱን ጨምሮ 2,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፣ ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ እስከ መፍላት ለማድረስ የሚበቃ ነው። ነፋሱና የሞተሩ ማርሽ ከዚህ ውስጥ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ በአምስተኛ ማርሽ ፍሬን ላይ ተደግፎ የሚወርድ ሰው ግን ሞተሩ ሊወስደው ይገባ የነበረውን በሙሉ በአራት ጎማዎች ውስጥ ለተቀመጡ ጥቂት ኪሎ ብረቶች ያሸክማል። በዚህ ዓይነት ከሚወርዱ መኪናዎች ላይ ሸራው ሳያልቅ ከብረቱ ተላቅቆ ሲፋጭ ያየሁበት ጊዜ አለ።

ደስ የሚለው ደግሞ ምንም የማያስከፍለው የፍሬን ድምፅ ነው። ከዲስኩ ጀርባ ያለው ቀጭን የቆርቆሮ መከለያና ዲስኩ መካከል ያለው ክፍተት ትንሽ ጠጠር ለማስገባት ይበቃል። ፒስታ መንገድ የሚሄድ ፒካፕ ባለቤት ድንገት፣ ትናንት ያልነበረ፣ ጆሮ የሚበሳ የመፋጨት ድምፅ ከሰማና ፍሬን መያዝ አለመያዙ ድምፁን ካልለወጠው፣ ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ይንዳ። ብዙ ጊዜ ጠጠሩ በገባበት ይወጣል። ካልወጣም ጎማው ወልቆ መከለያው በካቻቢቴ ጠጋ ቢደረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በ1994 ዓ.ም. እኔ ራሴ፣ ገና ሁለት ዓመት የሠራሁ መካኒክ ሳለሁ፣ «የማርሹ ዘንግ ይነዝራል» ስለተባልኩ ብቻ የአንድ ደንበኛ ካምቢዮ አውርጄ ሁለት ቀን ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ጥፋቱ የኋላ ታምቡር ውስጥ የተሰበረ የሸራ መያዣ ስፕሪንግ ነበር። ደንበኛው የከፈለኝን ገንዘብ መልሼለታለሁ፤ ስሜ ግን በዚያ ሰፈር እስኪታደስ ብዙ ጊዜ ወሰደ።

ታምቡር ከተነሣ ዘንድ፣ በውስጡ የሚጠራቀመውን ጥቁር ዱቄት በኮምፕሬሰር አየር ማስወጣት ይቅር። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላልና በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ሠልጣኞች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው።

አሁን ወደ ሽንኩርት ጫኙ ወጣት ልመለስ።

አብረን ወጣን። እሱ እየነዳ እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ድምፁ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ጀምሮ መጣ፤ «ገርርር» የሚል፣ ሳይቆራረጥ የሚቀጥል፣ ፍጥነት ሲጨምር ቃናው ከፍ የሚል ድምፅ ነበር። በ50 ላይ ፍሪሲዮን አስረግጬ ማርሹን ዜሮ አስደረግኩት። አልተለወጠም። ካምቢዮው ጋራዥ ሳይገባ ዳነ። ነዳጅ ሰጠ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ሰጠ፤ ድምፁ ከዚያው አልተነቃነቀም፣ ስለዚህ ዲፈረንሻሉንም ለጊዜው ተውኩት። ፍሬን በቀስታ ያዘ፤ ቃናው ከፍጥነቱ ጋር ወረደ እንጂ ሌላ ለውጥ አልነበረም። የቀረው መሪው ነው። መንገዱ ሰፊና ባዶ በሆነበት ስፍራ በቀስታ ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ እንዲያወላውለው ነገርኩት። ወደ ግራ ሲያዘነብል ድምፁ ጎላ፤ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ሊጠፋ ደረሰ።

መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይተኛል። የተጎዳ ኩሽኔታ ደግሞ ጭነት ሲበዛበት ይጮኻል። ስለዚህ ተጠርጣሪው የቀኝ ወገን ነበር። የፊቱ ኩሽኔታ አዲስ መሆኑን ስለምናውቅ ከኋላ ቀኝ ጀመርን።

ጋራዥ ስንመለስ የፊት ጎማዎቹን ታኮ አስደግፈን፣ የኋላውን በክሪክ አንሥተን፣ ሻንሲው ሥር የብረት ድጋፍ አቆምን። በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር ማንም ሰው፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ እንዲገባ አልፈቅድም። ወጣቱን አንድ እጁን በባሌስትራው ላይ እንዲያሳርፍ፣ በሌላው እጁ ጎማውን እንዲያዞር ነገርኩት። በግራው በኩል ምንም አልተሰማውም። በቀኙ በኩል እጁን ቶሎ አነሣ፤ «ጋሼ፣ አሸዋ የሚፈጭ ይመስላል» አለ። ብረት ድምፅን ወደ ጋቢናው ማምታቻ አድርጎ ወስዶት ነበር፤ እዚህ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ግን ዋሽቶ ማምለጥ አልቻለም።

ታምቡሩ ሲወጣ ሸራዎቹ በዲፈረንሻል ዘይት ረጥበው ተገኙ። ኩሽኔታው ሲላላ አክስሉ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) መወዛወዝ ይጀምራል፣ የዘይት ማገጃው ላስቲክም አብሮ ያልቃል፤ ስለዚህ ወጣቱ ያለ ቀኙ የኋላ ፍሬን ሽንኩርት ሲጭን ከርሟል ማለት ነው። ይህ በተለይ አሳሰበኝ፣ ምክንያቱም እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁላችንም ስለ ድምፅ ስንነጋገር ስለ ኋላ ፍሬን ያነሣ አልነበረም።

አክስሉን አውጥተን አሮጌውን ኩሽኔታ በድንጋይ መቁረጫ ሰንጥቀን አወረድነው። ኩሽኔታ የሚለው ስማችን ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን በመጀመሪያ ፍቺው ትንሽ ትራስ ማለት ነው፤ ዘንግ ተደግፎበት የሚያርፍበት መከዳ እንደማለት ነው። የዚህ መከዳ ውስጠኛ ቀለበት ላይ ያየሁትን ለሠልጣኞቼ ሁሉ አሳይቻለሁ፣ ዛሬም ይዤው መጥቻለሁ፤ ከንግግሩ በኋላ ማየት ለሚፈልግ ጠረጴዛው ላይ አለ። ኳሶቹ የሚሄዱበት መንገድ ላይ፣ በእኩል ርቀት የተቀመጡ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት በኳሶቹ መካከል ካለው ርቀት ጋር አንድ ነው።

እነዚህ ጉድጓዶች ከጭነት የመጡ አይደሉም። የመዶሻ ምልክት ናቸው። የዚህ ዓይነት ኩሽኔታ በአክስሉ ላይ ጠብቆ የሚገባው የውስጠኛው ቀለበት ስለሆነ፣ ሲገጠም ግፊቱ በውስጠኛው ቀለበት ላይ ብቻ ማረፍ አለበት፤ ለዚህም ፕሬስ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ፕሬስ አጥቶ ወይም ቸኩሎ የውጭውን ቀለበት በመዶሻ ሲመታ፣ እያንዳንዱ ምት በኳሶቹ በኩል አልፎ ወደ ውስጠኛው ቀለበት ይደርሳል፣ እያንዳንዱም ኳስ በቆመበት ቦታ ጉድጓዱን ያትማል። ኩሽኔታው በዚያን ጊዜ አዲስ ነበር፤ ከካርቶን በወጣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተበላሸ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ኳስ በእነዚያ ጉድጓዶች ላይ እየዘለለ፣ የጉድጓዱን ጠርዝ እየፈረፈረ፣ ፍርፋሪውን ከግራሶው ጋር እየፈጨ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄደ። የቀድሞው ባለቤት ይህን ያሠራው መኪናውን ከመሸጡ በፊት መሆን አለበት፤ ወጣቱ በአራት ወር ውስጥ የኋላውን አላስነካምና።

ፕሬስ የሌለው ጋራዥ አክስሉን ፕሬስ ወዳለው ቶርኖ ቤት ቢልከው ነውር የለውም። ነውሩ መዶሻው ነው። ባለመኪናም ሥራውን ከመስጠቱ በፊት «በምን ታስገቡታላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ መካኒኩ በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ከሆነ መልሱን በቁጣው ሰጥቷል።

አዲስ ኩሽኔታ በፕሬስ ገባ፣ አዲስ የዘይት ማገጃ ገባ፣ ዘይት የጠጡት ሸራዎች ተጣሉ፤ በቤንዚን ታጥቦ ይመለስ የሚለውን ምክር አልተቀበልኩም፣ ሸራ የጠጣውን ዘይት ሲሞቅ መልሶ ያወጣልና። በግራው በኩልም ሸራው ተቀየረ፤ ፍሬን በአንድ ወገን ብቻ አዲስ ከሆነ መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። በመጨረሻም የዲፈረንሻሉን ዘይት አውርደን ማግኔቱን አየነው፤ ግራጫ ቅባት ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በሶደሬ መንገድ ይዘነው ወጣን። 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ መንገድ ዳር አቁመን የአራቱንም ጎማዎች መሐል በእጃችን ጀርባ ጠጋ እያልን ፈተሽን፤ ግራና ቀኙ ሙቀቱ እኩል ነበር። ስንመለስ ወጣቱ መስኮቱን ዘጋ፣ ሬዲዮውን አጠፋ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ብዙ ቆየ።

«ጋሼ፣ ሌላ ድምፅ አለ። ‹ውውው› ይላል።»

እውነቱን ነበር። በቀድሞው ገርገርታ ተውጦ የነበረ ቀጭን ጉምጉምታ በአስፋልቱ ላይ ይሰማል። ወደ ጥርጊያው ዳር ወርዶ በጠጠሩ ላይ እንዲነዳ ነገርኩት። ጠፋ። ወደ አስፋልቱ ሲመለስ ተመልሶ መጣ።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው ትላለህ?» አልኩት።

ጥቂት አሰበና «መንገዱ ሲቀየር ከተቀየረ… ጎማው ነው?» አለ።

ወርደን የፊት ጎማዎቹን በመዳፋችን ዳሰስናቸው። የጥርሶቹ ጠርዝ በአንድ ወገን እንደ መጋዝ ተስሎ ነበር፤ ከሥራው ሲመለስ አላይመንት እንዲያሠራ ነግሬው ወደ ከተማ ገባን።